"ለጓደኛዬ ነበር"፦ ስለ አባላዘር በሽታ መከላከል ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

መድኃኒት ቤት ስትሠሩ የሰውን ችግር ከአገባቡ ታውቃላችሁ። ራሱን ያመመው ገና ከበሩ "ፓናዶል አለ?" ይላል። የአባላዘር በሽታ ያስጨነቀው ግን ዝም ነው። የጥርስ ሳሙና ያነሳል፣ ያገላብጣል፣ ይመልሳል። ከኋላው የመጡትን "እናንተ ቅደሙ" ይላቸዋል። ቤቱ ጭር ሲል ባንኮኒው ላይ ደገፍ ብሎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ዶክተር፣ ለጓደኛዬ ነበር..." ይላል። ፋርማሲስት ነኝ ብዬ ባስረዳ ዋጋ የለውም። ነጭ ጋዋን የለበሰ ሁሉ ዶክተር ነው።

ይሄ "ጓደኛ" የሚባል ሰው የማይዘው በሽታ የለም። ለዓመታት የጠየቀኝን እነሆ። ባንኮኒ ላይ በሁለት ደቂቃ የማያልቀውን እዚህ ዘርዘር አድርጌዋለሁ።

የአባላዘር በሽታ የሚባሉት የትኞቹ ናቸው?

በግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚተላለፉ ከ30 በላይ ተሕዋስያን አሉ። ከሰፈር ወሬ የማይጠፉት ጨብጥ፣ ቂጥኝና ከርክር ናቸው። ክላሚዲያና ትሪኮሞናስ ስማቸው ብዙም አይነሳም እንጂ ከነሱ አያንሱም። አምስቱም በትክክለኛው መድኃኒት ድራሻቸው ይጠፋል። ኤችአይቪ፣ የብልት ኸርፐስና ጉበትን የሚያጠቃው ሄፓታይተስ ቢ ደግሞ ቫይረስ ናቸው። ኤችአይቪንና ኸርፐስን መድኃኒት ይቆጣጠራቸዋል እንጂ ከሰውነት አያወጣቸውም። ሄፓታይተስ ቢ ላይ ቆይቼ እመለስበታለሁ።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ በጨብጥ፣ በቂጥኝ፣ በክላሚዲያና በትሪኮሞናስ 374 ሚሊዮን አዲስ ኢንፌክሽን እንደተከሰተ ገምቷል። በቀን ሲካፈል ከአንድ ሚሊዮን ይበልጣል። ስለዚህ ጓደኛህ ብቻውን አይደለም።

ምንም አይሰማኝም። ታዲያ ለምን እመረመራለሁ?

ከሁሉ በላይ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። ወንድ ልጅ ጨብጥ ሲይዘው አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት ውስጥ ያውቀዋል። ሲሸና ያቃጥለዋል፣ መግል ይመጣል። ሴት ላይ ግን ያው ጨብጥ ብዙ ጊዜ ድምፁን አጥፍቶ ይቀመጣል። ክላሚዲያማ ይብሳል። ከተያዙት ሴቶች አብዛኞቹ ምንም አይታወቃቸውም። ዝም ብሎ ወደ ላይ ይወጣና ማህፀንንና የዘር ቱቦን ያቆስላል። ከዓመታት በኋላ "ልጅ እምቢ አለን" ተብሎ ሲመረመር ቱቦው ተዘግቶ ይገኛል። ያኔ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ይፈለጋል፤ አብዛኛውን ጊዜም ሴቷ ላይ ይላከካል።

ቂጥኝ ደግሞ ተንኮለኛ ነው። ከተያዙ ከሦስት ሳምንት ገደማ በኋላ ብልት ላይ አንዲት ቁስል ትወጣለች። አታምም። ይህንን ያዙልኝ፤ አታምም። ሴት ላይ ውስጥ ከሆነች ጭራሽ አትታይም። ባይታከሙም በጥቂት ሳምንት ራሷ ትድናለች። ሰውየው "ተመስገን፣ ለቀቀኝ" ይላል። በሽታው ግን ደም ውስጥ ገብቷል። ቆይቶ መዳፍና ውስጥ እግር ላይ ሳይቀር ሽፍታ ያወጣል። እሱም ይጠፋል። ከዚያ ለዓመታት ዝም ይልና አንድ ቀን በልብ ወይም በአንጎል በኩል ሊመጣ ይችላል። በመጀመሪያው ሰሞን ቢደረስበት ኖሮ የሚያስፈልገው አንድ ዙር የቤንዛታይን ፔኒሲሊን መርፌ ነበር። መርፌው ያማል፣ አልዋሽም። ሁለት ቀን ስትቀመጡ ታስታውሱታላችሁ።

ጨብጥ የያዘኝ ፀሐይ ያጋለው ድንጋይ ላይ ሸንቼ ነው። ይሆናል?

አይሆንም። ውሻ የሸናበት ላይ መሽናትም፣ ጨረቃ ላይ መሽናትም ጨብጥ አያሲዝም። የጨብጥ ባክቴሪያ ከሰው ገላ ውጪ ብዙ አይቆይም። ድንጋዩን ተዉት።

የሕዝብ ሽንት ቤት፣ ፎጣ፣ መሳሳምስ?

ሽንት ቤት አያሲዝም። ፎጣና የውስጥ ልብስ ለቅማል፣ ለእከክ፣ አልፎ አልፎ ለትሪኮሞናስ እንጂ ለኤችአይቪ አያሰጋም። በመሳሳም ኤችአይቪ አይተላለፍም። ከንፈር ላይ ውኃ የቋጠረ የኸርፐስ ቁስል ካለ ግን እስኪድን መታገሥ ነው። በአፍ የሚደረግ ግንኙነት ኤችአይቪን የማስተላለፍ ዕድሉ በጣም ትንሽ ቢሆንም ጨብጥን፣ ቂጥኝንና ኸርፐስን በደንብ ያስተላልፋል። "እሱማ ግንኙነት አይባልም" የሚሉ አሉ። ባክቴሪያው ይህን ልዩነት አያውቅም።

ኮንዶም እጠቀማለሁ፤ ግን እየተቀደደ አስቸገረኝ። ለምን?

አንድ ቀን አንድ ደንበኛ ከኪስ ቦርሳው ኮንዶም መዝዞ "ይሄ ይሠራል?" አለኝ። ፓኬቱ ከገንዘብና ከመታወቂያ ጋር ተጨፍልቆ፣ የውስጡ ቀለበት ክብ ሆኖ በላዩ ላይ ታትሟል። ቀለሙ ተፍቋል። ጠርዙ ላይ በጣም ትንሽ ስንጥቅ አለ። ሁለት ዓመት ከእሱ ጋር ኖሯል። በጀርባው የተጻፈው ዓመት 2024 ነበር። እሱም በልበ ሙሉነት "ገና ነው፣ እኛ ገና 2018 ነን" አለኝ።

ይህን ስሕተት ደጋግሜ አይቻለሁ። ፓኬት ላይ ያለው ቀን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ሰባት ስምንት ዓመት ስጦታ አልተሰጠንም። ህይወት ትረስትም ሆነ ሴንሴሽን፣ ወይም ከጤና ጣቢያ በነፃ የምታገኙት፣ ሁሉም ላይ መጀመሪያ የሚታየው እሱ ነው። ቀጥሎ ፓኬቱን በሁለት ጣት ጫን በሉት። ትንሽ አየር ይዞ መልሶ ከገፋችሁ ደህና ነው። ሙሽሽ ካለ አየሩ ወጥቷል፤ ጣሉት።

ስትከፍቱ በእጅ፣ ከጠርዙ። ጥርስና መቀስ አይነካውም። ብልት ሙሉ በሙሉ ከቆመ በኋላ፣ ከመነካካታችሁ በፊት ነው የሚጠለቀው። ጫፉን ቆንጠጥ አድርጋችሁ አየሩን አስወጡና እስከ ሥሩ ተርትሩት። አልተረተር ካለ ተገልብጧል ማለት ነው። ገልብጣችሁ አትጠቀሙበት፤ ፈሳሽ ነክቶት ሊሆን ስለሚችል ሌላ አውጡ። ሲያልቅ ብልቱ ሳይሟሽሽ ሥሩን ይዞ መውጣት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚች ላይ ነው፣ ጋደም ይልና ይረሳዋል። ከዚያ ቋጥሮ ቆሻሻ ውስጥ። ሽንት ቤት ውስጥ ከጣላችሁት የሚመጣው የቧንቧ ሠራተኛ ነው።

ለመቀደዱ አንዱ ትልቅ ምክንያት ግን ቅባት ነው። ቫዝሊን፣ የሕፃን ዘይት፣ የኮኮናት ዘይት፣ ሎሽን ላቴክስን በደቂቃዎች ውስጥ ያላላዋል። አንድ ሰው ለጋ ቅቤ ብሎኝ ያውቃል። ማለስለሻ ካስፈለገ ከውኃ ወይም ከሲሊኮን የተሠራውን መድኃኒት ቤት ጠይቁ። ሁለት ኮንዶም ደርቦ ማድረግም እርስ በርሱ እየተፋተገ ይቀደዳል እንጂ ድርብ ጥበቃ አይሆንም። የምታስቀምጡት ቀዝቀዝ ያለ ቦታ፣ መሳቢያ ውስጥ ነው። መኪና ውስጥ ፀሐይ ላይ የከረመን ኮንዶም ከምትጠቀሙ...

ኮንዶም ሁሉንም በሽታ ይከላከላል?

በትክክል፣ ሁልጊዜ ከተጠቀማችሁበት ኤችአይቪን፣ ጨብጥንና ክላሚዲያን በጣም በደንብ ይከላከላል። ቂጥኝ፣ ኸርፐስና የማህፀን በር ካንሰር የሚያመጣው ኤችፒቪ ግን ኮንዶሙ ካልሸፈነው ቆዳም ሊተላለፉ ይችላሉ። ለነሱ ይቀንሳል እንጂ አይዘጋም። ስለዚህ አንዱ ላይ ቁስል ካለ "ኮንዶም አለን" ብሎ መቀጠል የለም። እስኪታከም ይቆይ።

ተገርዣለሁ። ይበቃኛል?

ግርዛት ወንድ ከሴት ኤችአይቪ የመያዝ ዕድሉን 60 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ በደቡብ አፍሪካ፣ በኬንያና በኡጋንዳ የተደረጉ ጥናቶች አሳይተዋል። እውነት ነው። ቀሪው 40 በመቶስ? ጨብጥንና ክላሚዲያንም አይከላከልም። ሀገራችን ውስጥ አብዛኛው ወንድ የተገረዘ ነው። ግርዛት ብቻውን ቢበቃ ኖሮ ያንን የ1990ዎቹን ዘመን፣ በየሰፈሩ ድንኳን የማይነቀልበትን፣ ባላየነው ነበር።

ፖስት ፒል ወስጃለሁ፤ ችግር አለው?

ለእርግዝና ከሆነ ቶሎ በመውሰድሽ ጎበዝ። ለበሽታ ከሆነ ምንም አይሠራም። መርፌውም፣ ክንድ ላይ የሚቀበረውም፣ ሉፑም እንደዚያው። እሑድ ጠዋት የኛ መድኃኒት ቤት በጣም የሚሸጠው ፖስት ፒል ነው። ከሚገዙት ውስጥ "በሽታስ?" ብሎ የጠየቀኝ በጣት የሚቆጠር ነው። እርግዝና በወሩ ይታወቃል፣ ክላሚዲያ ግን ላይታወቅ ይችላል። ለዚህ ይመስለኛል።

ፈሳሽ አለኝ። አሞክሳሲሊን ብቻ ስጠኝ፣ እድናለሁ።

አልሰጥህም። ብዙ ሰው የሚቀየመኝ በዚህ ነው። "ያኛው መድኃኒት ቤት ይሰጣል" ብለው በሩን ወርውረው የሄዱ አሉ።

ምክንያቴን ልንገርህ። የጨብጥ ባክቴሪያ መድኃኒት የመልመድ ችሎታው የሚያስደነግጥ ነው። ድሮ በፔኒሲሊን ይድን ነበር፤ ለመደው። ቴትራሳይክሊንን ለመደው። ሲፕሮፍሎክሳሲን የሚባለው፣ ሰው አሁንም "ሲፕሮ ስጠኝ" እያለ የሚጠይቀው፣ እሱንም በብዙ ቦታ ለምዶታል። አሁን ዋናው መተማመኛ ሴፍትሪአክሶን የሚባል መርፌ ነው። አሞክሳሲሊን ሦስት ፍሬ መዋጥ እሳት ላይ በማንኪያ ውኃ መርጨት ነው። መቃጠሉ ትንሽ ጋብ ይላል፤ ባክቴሪያው ግን እዚያው ሆኖ ትምህርት ይቀስማል።

ሁለተኛ፣ ከፈሳሹ ጀርባ ያለው አንድ በሽታ ላይሆን ይችላል። ጨብጥና ክላሚዲያ አብረው መገኘት ይወዳሉ። ለዚህ ነው በሀገራችን ጤና ጣቢያዎች ባለሙያው የላቦራቶሪ ውጤት ሳይጠብቅ ምልክቱን አይቶ ለሁለቱም በአንድ ላይ የሚያክመው። አንተ ገዝተህ የምትውጠው ቢሳካ እንኳ አንዱን መትቶ አንዱን ይተዋል።

ሦስተኛ፣ ቁስል ከሆነ የባሰ ነው። ባገኘኸው መድኃኒት ወይም በቅባት ስትነካካው ቁስሉ መልኩን ይቀይርና ሐኪሙ ራሱ ቂጥኝ ይሁን ከርክር ይሁን ኸርፐስ ለመለየት ይቸገራል። ክፍት ቁስል ደግሞ ለኤችአይቪ የተከፈተ በር ነው።

እና ሂድ። ከዚህ ጤና ጣቢያው አሥር ደቂቃ ነው። የታዘዘልህን ይዘህ ተመለስ፣ ያኔ የምሰጥህን ሁሉ እሰጥሃለሁ።

ታክሜ ዳንኩ፤ በወሩ ተመለሰብኝ። መድኃኒቱ ፎርጅድ ነው?

ምናልባት። ግን ከመድኃኒቱ በፊት አንድ ጥያቄ አለኝ፤ እሷስ ታክማለች?

አንድ ባልና ሚስት አውቃለሁ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ እሱ ሦስት ጊዜ ታከመ። በየጊዜው ይድናል። በየጊዜው ቤቱ ይገባል። እሷ ምልክት ስላልነበራት አልተነገራትም። በሽታው ከእሱ ወደ እሷ፣ ከእሷ ወደ እሱ እንደ ቴኒስ ኳስ ሲመላለስ ከረመ። በመጨረሻ ነርሷ "ይዘሃት ካልመጣህ ካርድህን አልከፍትም" ስትለው ነው የተቋረጠው። ሕጉ እንደዚያ አይደለም፣ አትከለክለውም ነበር። ግን ሠራ።

ሁለታችሁም በአንድ ጊዜ ትታከማላችሁ። ከመድኃኒቱ በኋላ ሰባት ቀን ግንኙነት የለም። እሷን ሳታሳክም ለራስህ ብቻ የከፈልከው ብር የኪራይ ነው፤ በወሩ መልሰህ ትከፍላለህ።

እሺ፣ ግን እንዴት ብዬ ልንገራት?

ከባዱ ይሄ ነው፤ ቀላል ነው ብዬ አላታልልህም። የሚረዳ አንድ ሐቅ አለ። ምልክት አሁን ታየ ማለት በሽታው አሁን ገባ ማለት አይደለም። ክላሚዲያ፣ ኸርፐስና ኤችፒቪ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ሳይታወቁ ሊቆዩ ይችላሉ። ስለዚህ "ከማን አመጣኸው? ከማን አመጣሽው?" የሚለው ምርመራ ብዙ ጊዜ መልስ የለውም። አስቀድማችሁ ብታውቁት ብዙ ትዳር ይተርፋል።

የምትለው አጭር ይሁን። "ሐኪም ጋ ሄጄ ኢንፌክሽን ተገኘብኝ። የሚድን ነው። ላንቺም ሊኖር ስለሚችል አብረን እንታከም ብለውኛል።" በቃ። ታሪኩን የምታወሩበት ሌላ ቀን አለ። በአልኮል ሰዓት፣ በስልክ፣ በእናቷ ፊት አይሁን። ፊት ለፊት መናገር ለደኅንነትሽ የሚያሰጋ ከሆነ (ይሄ በተለይ ለሴቶች ነው) አትጋፈጪ። ለጤና ባለሙያው ንገሪ፤ ስምሽ ሳይነሳ ወይም ባለሙያው ባለበት የሚነገርበት መንገድ አለ።

ልንጋባ ስንል ተመርምረናል። ነፃ ነን አይደል?

ከኤችአይቪ። ብዙ አብያተ ክርስቲያናትና መስጊዶች ከጋብቻ በፊት የኤችአይቪ ምርመራ ወረቀት ይጠይቃሉ፤ ጥሩ ልማድ ነው፣ ብዙ ሰው አድኗል። ግን ወረቀቱ ላይ ያለው አንድ ምርመራ ነው። ክንዳችሁ ከተወጋ አይቀር "ቂጥኝና ሄፓታይተስ ቢም ይታይልን" በሉ። ከዚያው ደም ነው የሚሠራው። ለሠርጉ ቬሎ ከሚወጣው አንጻር ዋጋውን ባናነሳው ይሻላል።

ሌላው ቀኑ ነው። የተለመደው ፈጣን የኤችአይቪ ምርመራ ከተጋለጡ በኋላ እስከ ሦስት ወር ላያሳይ ይችላል። ሰኞ የሆነ ነገር ካለ ማክሰኞ ተመርምሮ "ነፃ" መባል ምንም አይነግራችሁም። ከሦስት ወር በኋላ ድገሙት።

ዓረብ ሀገር ለመሄድ ስመረመር ሄፓታይተስ ቢ ተገኘብኝ። ሰው ነክቼ አላውቅም!

ይሄን ጥያቄ እያለቀሱ የጠየቁኝ እህቶች አሉ። ለባሕረ ሰላጤ ሀገራት የሥራ ቪዛ የሚደረገው ምርመራ ኤችአይቪን፣ ቂጥኝንና ሄፓታይተስን ያያል፤ የተገኘበት አያልፍም። ፓስፖርት ወጥቶ፣ ብር ተበድሮ፣ የመጨረሻዋ ቀን ላይ ነው የሚሰማው።

እህቴ፣ ሰው ሳትነኪ ሊይዝሽ ይችላል። ሄፓታይተስ ቢ በግንኙነትም፣ በደምም፣ በወሊድ ጊዜ ከእናት ወደ ልጅም ይተላለፋል። በአራስነቱ የተያዘ ሕፃን ከአሥር ዘጠኙ ቫይረሱን ይዞ ያድጋል። አዋቂ ሆኖ የተያዘ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሰውነቱ ራሱ ያስወግደዋል። ስለዚህ ያንቺ ከሕፃንነትሽ የመጣ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ሀገራችን ለሕፃናት ይህን ክትባት በአምስቱ ጥምር ክትባት ውስጥ መስጠት የጀመረችው በ1999 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የተወለደ አብዛኛው ሰው አልተከተበም።

አሁን የሚደረገው የጉበትና የቫይረስ መጠን ምርመራ ነው። መድኃኒት የሚያስፈልገው ሁሉም አይደለም፤ ክትትል ግን ሁሉም ያስፈልገዋል። "የወፍ በሽታ ነው" ብለው ቅጠል የሚቀጠቅጡልሽን አመስግነሽ እለፊያቸው። ጉበት የታመመ ሰው ላይ ያልታወቀ ቅጠል መጨመር አደጋ ነው። ባልሽ ወይም እጮኛሽ፣ የቤትሽም ሰዎች ይመርመሩና ነፃ የሆኑት ይከተቡ። ለአዋቂ ሦስት መርፌ ነው፤ የመጀመሪያው፣ ከወር በኋላ፣ ከስድስት ወር በኋላ። ሦስተኛውን ሁሉም ይረሳዋል። ምላጭ፣ ጥፍር መቁረጫና የጥርስ ብሩሽ ለየብቻ ይሁን። አንድ ገበታ መብላት፣ ጉርሻም ጭምር፣ አያስተላልፍም። ሳህን ለይታችሁ ያስቀመጣችሁባት ካለች መልሱላት።

ልጄ ትምህርት ቤት የማህፀን በር ካንሰር ክትባት ሊሰጣት ነው። መካን ያደርጋል ይላሉ።

አያደርግም። ይህ ወሬ ክትባቱ በሄደበት ሀገር ሁሉ ቀድሞት የሚደርስ ወሬ ነው። ኤችፒቪ በግንኙነት የሚተላለፍ ቫይረስ ነው። አብዛኛው ሰው በሕይወቱ አንድ ጊዜ ይይዘዋል፤ ሰውነትም አብዛኛውን ጊዜ ያስወግደዋል። አልወጣ ያለው ነው ከብዙ ዓመት በኋላ ካንሰር የሚሆነው። በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ የሚገኘው ይኸው ነው።

ክትባቱ የሚሠራው ቫይረሱ ሳይደርስ ነው። በልጅነቷ የሚሰጠው ለዚህ እንጂ "ጀምራለች" ተብላ ተጠርጥራ አይደለም። እኛ ጋ በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች ተጀመረ። በ2017 ደግሞ ከ9 እስከ 14 ዓመት ላሉት በዘመቻ ተሰጠ፣ ያውም አንድ ጊዜ ብቻ። እናትየዋም ራሷን አትርሳ። ከ30 እስከ 49 ዓመት ያለች ሴት በጤና ጣቢያ የማህፀን በሯን መታየት አለባት፣ ኤችአይቪ ያለባት ከ25 ጀምሮ። በአሴቲክ አሲድ ተነክቶ በዓይን ይታያል፤ ውጤቱ እዚያው ነው። ልጇን ላስከተበች እናት ሁሉ "አንቺስ?" እላለሁ፤ አብዛኞቹ ይስቃሉ።

እርጉዝ ነኝ። የሚያሳስበኝ ነገር አለ?

የመጀመሪያው ክትትል ቀን ለኤችአይቪ፣ ለቂጥኝና ለሄፓታይተስ ቢ መመርመርሽን አረጋግጪ። ያልታከመ ቂጥኝ ፅንስ ይገድላል ወይም ሕፃኑ ታሞ ይወለዳል። የሚታከመው ግን በዚያው በሚያመው መርፌ ነው። ኤችአይቪ ያለባት እናት መድኃኒቷን በአግባቡ ከወሰደች ነፃ ልጅ የመውለድ ዕድሏ በጣም ሰፊ ነው፤ ስንት ልጆች አሳድገናል።

ሌላ ነገር ልጨምር። ልጅ እንደተወለደ አዋላጇ ዓይኑን ጠርጋ ቢጫ ቅባት ታደርግለታለች። አያቶች "ምነው ዓይኑን አበላሻችሁት" ይላሉ። ቴትራሳይክሊን ነው። ሲወለድ ከእናቱ ጨብጥ ወይም ክላሚዲያ ቢያገኘው ዓይኑ እንዳይጠፋ ነው። ምልክት የሌለው በሽታ ስለሚኖር ነው ለሁሉም ልጅ የሚደረገው። አትጥረጉት።

ኮንዶም ተቀደደ። ወይም ተገድጄ ነው። አሁን ምን ላድርግ?

ይህን እያነበባችሁ ከሆነ ተነሱ። ለኤችአይቪ መከላከያ የሚሰጠው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ቢሆን ይመረጣል። ለ28 ቀን ይወሰዳል። ሆስፒታልና ጤና ጣቢያ ይገኛል፤ እኛ ባንኮኒ ላይ የለንም። የእርግዝና መከላከያውም ሰዓት አለው።

የተደፈረች ወይም የተደፈረ ሰው መጀመሪያ ሐኪም ጋ ይሂድ። ከቻሉ ከመታጠብ በፊት፤ ከታጠቡም ችግር የለም፣ ይሂዱ። አዲስ አበባ ውስጥ እንደ ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ያሉ ቦታዎች ሕክምናውን፣ የምክር አገልግሎቱንና የፖሊስ ጉዳዩን በአንድ ቦታ የሚሰጥ ማዕከል አላቸው።

ባለቤቴ ኤችአይቪ አለበት፤ እኔ የለብኝም። አብረን መኖር እንችላለን?

ትችላላችሁ። መድኃኒቱ በ1997 ዓ.ም. በነፃ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ነገሩ ተቀይሯል። መድኃኒቱን በየቀኑ የሚወስድና በደሙ ውስጥ ቫይረሱ በምርመራ የማይታይ ሰው በግንኙነት አያስተላልፍም። "ይቀንሳል" አላልኩም፣ አያስተላልፍም። እስከዚያ ድረስ ኮንዶም አለ፤ ላንቺም ፕሬፕ የሚባል በየቀኑ የሚወሰድ መከላከያ ኪኒን አለ። ሀገራችን ውስጥ በተለይ እንደናንተ ላሉ ጥንዶችና በወሲብ ንግድ ለተሰማሩ ሴቶች ይሰጣል። አሜሪካ ወይም አውሮፓ ያላችሁ የቤተሰብ ሐኪማችሁን በግልጽ ጠይቁ፤ ሐበሻ ስለሆናችሁ ብቻ አትፈሩ። ፕሬፕ ጨብጥንም ቂጥኝንም አይከላከልም።

ጸበሉስ ለሚሉ፦ ጠጡ፣ ተጠመቁ። መድኃኒቱን ግን በሰዓቱ።

ከግንኙነት በኋላ በሎሚ ወይም በዴቶል ብታጠብስ?

በፍጹም። ሎሚና ዴቶል የውስጥ ቆዳን ይልጣል፣ ጠባቂ የሆኑትን ጥሩ ባክቴሪያዎች ይገድላል፣ በሽታን ወደ ውስጥ ይገፋል። ከውጭ በውኃ ይበቃል። ሎሚው ለሰላጣ።

የት ልሂድ? ሰው ያየኛል።

ሰፈርህ ያለው ጤና ጣቢያ ካሳፈረህ ሌላ ክፍለ ከተማ ሂድ፤ ለዚህ ታክሲ አለ። ብዙ ጤና ጣቢያ ለወጣቶች የተለየ ክፍል አለው። የቤተሰብ መምሪያ ማኅበር ክሊኒኮችም በዚህ ሥራ የቆዩ ናቸው። ካርድ ክፍል ከሰልፉ ፊት ጮክ ብለው "ምንህን ነው ያመመህ?" ካሉህ "ለሐኪሙ እነግረዋለሁ" ማለት መብትህ ነው። ውስጥ ስትገባ ግን እንደኛ ቤት ዙሪያ ጥምጥም አትሂድ። "ፈሳሽ አለኝ፣ አምስት ቀኔ ነው፣ ከዚህ በፊት ይሄን ውጫለሁ" በል። የዋጥከውን አትደብቅ፣ ስሙን ካላወቅከው ባዶ ፓኬቱን ይዘህ ሂድ።

ጓደኛህን ወክለህ መመርመር ግን አይቻልም። ሽንቱም ደሙም የራሱ መሆን አለበት።